ኤንቲቪን የገደለው ፑቲን ብቻ አይደለም

የሩሲያው ኤንቲቪ ታሪክ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚነበብልን የመጨረሻው ገጽ ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 2001 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) መንግሥት የሚዘውረው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም ጣቢያውን ተቆጣጠረ፣ ታዋቂዎቹ ጋዜጠኞች ወጡ፣ ነጻው ቴሌቪዥን አበቃለት። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኤንቲቪ የተነጠቀው በ2001 ይሁን እንጂ የተሸጠው በ1996 ነው። ሻጮቹም ራሳቸው ናቸው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጣቢያው በ1993 በባለሀብቱ ቭላድሚር ጉሲንስኪ ገንዘብ ተቋቋመ። ዬቭጌኒ ኪሴልዮቭን የመሰሉ ጋዜጠኞች ከመንግሥት ቴሌቪዥን ወጥተው ገቡበት። በ1994 መጨረሻ የቼችንያ ጦርነት ሲፈነዳ ባለሥልጣናቱ የሚክዱትን ካሜራው አሳየ፤ የግሮዝኒን ፍርስራሽ፣ የወታደሮቹን ሬሳ። ሕዝቡም አመነው። ይህን ክብር ማንም አይነጥቃቸውም።

ከዚያ የ1996ቱ ምርጫ መጣ። ዬልሲን በጦርነቱና ባልተከፈለ ደመወዝ የተጠላ፣ ኮሚኒስቱ ዚዩጋኖቭ ደግሞ እየገሰገሰ ነበር። የኤንቲቪ አለቃ ኢጎር ማላሼንኮ ምን አደረገ? ወንበሩን ሳይለቅ የዬልሲን የምርጫ ዘመቻ ቡድን ውስጥ ገባ! ዳኛው የአንዱን ቡድን ማሊያ ለብሶ ፊሽካ ነፋ ማለት ነው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ዬልሲን በልብ ሕመም ሲወድቅ መራጩ እውነቱን አልሰማም።

«ኮሚኒስቶቹ ቢመለሱ ጣቢያውን ይዘጉት ነበር» ይሉናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነጻነትን ለማዳን ተብሎ የተሸጠ ነጻነት ገዢው ዘንድ ነው የሚቀረው።

ውለታው ወዲያው ተከፈለ። በዚያው ዓመት ኤንቲቪ በምሽት ብቻ ይጠቀምበት የነበረውን አራተኛውን ቻናል ሙሉ በሙሉ በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ አገኘ። ጋዝፕሮም 30 በመቶ ድርሻ ገዛ። ኋላም ለጉሲንስኪ ብድር ዋስ ሆነ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው።

ፑቲን ሲመጣ ገመዱ አስቀድሞ ታስሮ ነበር፤ መሳብ ብቻ ቀረው። በዓለ ሲመቱ በተፈጸመ በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 11 ቀን 2000፣ ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎች የጉሲንስኪን ቢሮዎች ወረሩ። በጁን እሱ ራሱ ታሰረ። በጁላይ ክሱ እንዲነሳለት ድርጅቱን ለጋዝፕሮም ለመሸጥ ፈረመ። የፕሬስ ሚኒስትሩ ሳይቀር ፊርማውን አኑሮበታል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2004 ይህ እስር የንግድ ማስፈራሪያ ሆኖ ማገልገሉን አረጋግጦ ሩሲያ ላይ ፈርዷል። መንግሥት የፈጸመው ነውር ነው፤ ሰበብ አልፈልግለትም።

ግን አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ። ክሬምሊን «ጉዳዩ የዕዳ ነው፣ ከፕሬስ ነጻነት ጋር አይገናኝም» ሲል ለምን የሚያምነው ሰው አገኘ? በ2001 ጸደይ ሺዎች በሞስኮ አደባባይ ለጣቢያው ጮኸዋል። ብዙኃኑ ግን የባለሀብትና የቤተ መንግሥት ጠብ ነው ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። እንዲህ ብሎ እንዲያስብ ያስተማረው 1996 ነው። ጣቢያው የማን እንደሆነ ያኔ በዓይኑ አይቷል።

አፈናን እናውግዝ። ነገር ግን ጋዜጠኛ ሆይ፣ የምትወደው ወገን ሥልጣን ላይ ሲሆን ያበደርከውን ካሜራ፣ የምትጠላው ሲመጣ መልስልኝ ብትለው አይመልስልህም።