ለመድኃኒት ቀማሚነት የሚያመለክት ልጅ ምን ይዞ ይቅረብ?

መድኃኒት መሸጥም ንግድ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጨውና እንደ ቡና ያለ ንግድ አይደለም። ገዢው የገዛውን ዕቃ በዓይኑ መርምሮ ሊለየው አይችልምና በሻጩ ዕውቀትና ታማኝነት ተማምኖ ይወስዳል።

በአሜሪካ ያሉ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች አመልካቹን በማርክ ብቻ ሳይሆን በቃል ጠይቀው የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ፒካት የተባለው የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2024 ከቀረ ወዲህ ደግሞ የቃል ጥያቄው ክብደት ማግኘቱ አይቀርም። አንዳንዶቹም በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና አመልካቾች ያወጣውን ሥርዓት ይከተላሉ፤ አመልካቹ ከአንዱ ጠያቂ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። የሚጠየቀውም በአብዛኛው የኬሚስትሪ ቀመር አይደለም፤ የሥራ ባልደረባው ሲሳሳት ቢያይ ምን እንደሚያደርግ፣ የተቆጣ ሕመምተኛንም እንዴት እንደሚያነጋግር ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር ልጁን ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጅ ነጋዴ መልስ በቃል ቢያስጠናው ትርፍ የለውም፤ የተሸመደደ ነገር ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ ይጠፋልና። ይልቅስ በዕረፍቱ ጊዜ ከባንኮኒው ኋላ ያቁመው። ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያ ማንሣትን፣ ለተቆጣ ደንበኛ በትዕግሥት መመለስን፣ ያላወቀውንም «ጠይቄ ልንገርዎ» ማለትን በዚያ ይማራል።

በአገር ውስጥ ያሉ የመድኃኒት አስመጪዎችና ባለመድኃኒት ቤቶችም ሠራተኛ ሲቀጥሩ ይህንኑ ሊያስቡበት ይገባል። የምስክር ወረቀቱን መመልከት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሰውዬው ሕመምተኛን እንዴት እንደሚያነጋግር መጠየቅ ሌላው ግማሽ ነው።