ትዳር ቢፈታ ልጅ አይፈታም



ባልና ሚስት ሲለያዩ በሬው፣ እህሉና ቤቱ በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፤ ይካፈላል። ልጁስ? ልጅ አይካፈልም። የሁለቱም እንደሆነ ይኖራል።

ልጁ ከእናቱ ጋር ቢቀር አባት ቀለብ ይሰጣል። ከአባቱም ጋር ቢቀር እናት እንደ አቅሟ ትሰጣለች። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራበት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የቀለቡ መጠን የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አይቶ ይወሰን ይላል። ኑሮ ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅም እኩል መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ቀለብ የሚጠይቀው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ታዲያ አትዘግዩ! በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ ማስፈለጉ ካልተረጋገጠ ይቀራል።

አንዳንዱ አባት «ልጄን ካላሳየችኝ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም» ይላል። እናትም «ካልሰጠ ልጁን አያይም» ትላለች። በሁለቱ እልህ ጦሙን የሚያድረው ማነው? ልጁ ነው። የልጅ እንጀራ የጠብ መያዣ አይሁን!

የተማራችሁትን ፊደል እዚህ ላይ አውሉት። ገንዘብም ሆነ ጤፍ ስትሰጡና ስትቀበሉ ቀኑንና ልኩን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሳታነቡ አትፈርሙ። በቃል ያለ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይመሰክራል።