ሰውን በኪሎ መመዘን

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደጃፍ ላይ የምንለዋወጠውን ሰላምታ እስቲ ያስታውሱ። «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» እንባባላለን። በፍቅር ያልነው ሊሆን ይችላል፤ የሰማው ወገን ግን ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አስበን እናውቃለን?

ጉዳዩ በአሜሪካ የሕግ ጥያቄ ሆኗል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣችው ሕግ፣ ሰውን በክብደቱ ወይም በቁመቱ ምክንያት በሥራ፣ በመኖሪያ ቤትና በሕዝብ አገልግሎት ማግለልን ከልክላለች። የሚሺጋን ግዛትም ከ1976 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት።

ሕግ ለምን አስፈለገ? ቴሳ ቻርልስዎርዝና ማህዛሪን ባናጂ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ2007 እስከ 2016 በአሜሪካ የተሰበሰቡ ከ4 ሚሊዮን በላይ የፈተና ውጤቶችን መርምረው ነበር። ሰዎች ሳይታወቃቸው በዘር ላይ የሚያሳዩት አድልዎ ሲቀንስ፣ በወፍራም ሰዎች ላይ ያለው ግን ከመነሻው ብሶ ተገኝቷል። ብዙዎች ክብደትን ራስን የመግዛት ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ሐኪሞች ግን የዘር ውርስ፣ ሆርሞን፣ እንቅልፍና አንዳንድ መድኃኒቶችም ድርሻ እንዳላቸው ይናገራሉ። ነቀፌታውም አያቀጥንም፤ እንዲያውም ብዙዎችን ከሐኪም ያሸሻል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ውፍረት የድሎት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በኤች አይ ቪ አስጨናቂ ዓመታት ደግሞ የከሳ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ያው ሰውነት በአንዱ ስፍራ «ተመችቶታል»፣ በሌላው «ሰነፍ ነው» ያሰኛል። እንግዲያስ ፍርዱ ያለው በሰውየው አካል ላይ ሳይሆን በእኛ ዓይን ውስጥ ነው።

ሳሙኤልም በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመና አይቶ ተሳስቶ ነበር፤ እግዚአብሔር የሚያየው ግን ልብን ነበር። «ሆዳምነት ኃጢአት አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። ነው፤ ግን ከሰው ወገብ ላይ አይነበብም፤ ቀጭን ሆዳምም አለ።

ስለ ወንድምዎ ጤና በእውነት ካሰቡ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ እንደሚወደው ሰው ያነጋግሩት። በሚመጣው እሑድ ደግሞ ከሰውነቱ በፊት ኑሮውን ይጠይቁት። ጌታ ይርዳን።