አግዳሚውን ከእጁ አትውሰዱበት

ባለፈው ማክሰኞ በሰፈራችን የእድሩ ድንኳን ሲተከል፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመውና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ በእናቱ ቤት የሚኖረው ጎረቤታችን፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ የአግዳሚ ወንበሩን አንድ ጫፍ አነሣ። ከሕመሙ በፊት አናጢ ነበርና፣ የአግዳሚው እግር መላላቱን አይቶ ሽብልቅ ሊያበጅለት ጎንበስ ሲል፣ አንድ የተከበሩ አባት «ተው ልጄ፣ አንተ አትልፋ፤ ግባና ንፍሮ ቅመስ» ብለው በርኅራኄ ከእጁ ወሰዱበት። እርሱም ባዶ እጁን እያየ ጥቂት ቆመና፣ ንፍሮውን ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የአእምሮ ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር አይገባም ብዬ ስሟገት ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን ከርኅራኄ የተሠራውን ሰንሰለት ላነሣ ግድ ሆነብኝ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ሰው ሁሉ በገዛ ፈቃዱ መመራት፣ ሥራ እንደሚችል በእጁ ፍሬ ማየትና ከወገኖቹ ጋር በፍቅር መተሳሰር ያስፈልገዋል፤ ሕመም ቢመጣም ይህ ረኃብ ከሰው ልብ አይነቀልም። «ለሕመምተኛ የሚበጀው ዕረፍት ነው» የሚሉኝ አሉ። ዕረፍት ግን የሠራ ሰው ዋጋ ነው፤ ዘወትር ተቀመጥ የሚባል ሰው ተጣለ እንጂ አላረፈም። ሕመምተኛ አብሮ መሥራት እንደሚችልም ምስክር አለ፤ በቤልጅየም አገር በጌል ከተማ ቤተ ሰቦች የአእምሮ ሕሙማንን ለብዙ መቶ ዓመታት በየቤታቸው እየተቀበሉ፣ ከማዕዳቸው ሲያካፍሏቸው በእርሻቸውም አብረዋቸው ሲሠሩ ኖረዋል።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ትዝ አለኝ። ያ በመቃብር ሥፍራ ያድር የነበረው ምስኪን፣ ሰንሰለቱንማ አስቀድሞም በገዛ ኃይሉ ይበጥሰው ነበር፤ ያጣው የሚገባበት ቤትና የሚላክበት ጉዳይ ነበር። ጌታም ልቡናውን ከመለሰለት በኋላ፣ ወደ ወገኖቹ ሄዶ የተደረገለትን ምሕረት እንዲናገር ላከው፤ ያ ትናንት የተፈራው ሰው፣ ዛሬ ለዐሥሩ ከተማ መልእክተኛ ሆነ። ይህን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ መላኩም የፈውሱ ክፍል መሆኑን እስከዚህ ሳምንት ልብ አለማለቴ ይቆጨኛል።

በማግስቱ የእናቱን በር አንኳኩቼ፣ የአግዳሚው እግር እንደ ላላ ነውና መዶሻህን ይዘህ ና ብዬ ለመንሁት። ጥቂት አሰበና «ዛሬ አይመቸኝም ጋሼ፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለኝ። ቀኑን ራሱ ስለ መረጠ፣ ደስ እያለኝ ተመለስሁ።