አውሬዎቹና ሕገ መንግሥቱ

አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ስለ ሁለት ጽሑፎች እንጨዋወት። አንዱ ሰውን ያሣቀ፣ ሌላው ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆመ ነው። ሁለቱም ግን ከአንድ ሰው ብዕር የወጡ ናቸው፤ ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም።

በጅሮንድ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ሩስያ ሄደው፣ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የተመለሱ ናቸው። አገር ቤት ገብተው «ቴያትር ነው» ተብለው ቢጋበዙ፣ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። ስለዚህ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ጻፉ፤ በ1913 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ታየ። አውሬዎች እንደ ሰው እየተናገሩ ይከራከራሉ። ለዲማ ጎረቤት ለሆነ ለቢቸና ተማሪ ይህን ማስረዳት አያሻም፤ አውሬው ሰም ነው፣ ወርቁ ሹሙ ነው። ወርቁም ስለ ታወቀ ንግሥት ዘውዲቱ ቴያትሩን ከለከሉት። (ያልገባው ሰው መቼ ይከለክላል?)

አሥር ዓመት ያህል አለፈ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ፣ ረቂቁን ያዘጋጁትም በንግግር ያብራሩትም እኒሁ ባለ አውሬው ደራሲ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት አርኣያ ሆኗቸዋል። አንቀጾቹ 55 ናቸው። ቤትህ ያለ ሕግ አይፈተሽም፣ ርስትህ አይነጠቅም፣ ለመንግሥት አቤት ማለት ትችላለህ ይላል። አውሬዎቹን ወደ መድረክ የሚመልስ አንቀጽ ግን የለበትም። በ1948 ዓ.ም. በ131 አንቀጽ ተሻሽሎ ሲወጣ የመናገርና የመጻፍ ነፃነት ገባ፤ «በሕግ መሠረት» የሚል ማሠሪያም አብሮት ገባ። ሳንሱሩ ወንበሩን ዘርግቶ የተቀመጠው እዚያች ማሠሪያ ላይ ነው።

አቤት ማለት ግን በእኛ አገር ተፈትኗል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ «ተማኙ ዛሬ እህሌን፣ ነገ ርስቴን» ብሎ ሠጋ። ሽማግሌ ልኮ አቤት አለ፤ ኋላም ጠመንጃውን አነሣ። አውሮፕላን እስከ መላክ ተደረሰ፤ በመጨረሻ እንደራሴው ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬው አንቀጹን በቁጥር አያውቀውም፤ አቤት ማለትን ግን ሕገ መንግሥቱ ሳይወለድ ያውቀዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996፣ «ዘ ሲምፕሰንስ» በሚባለው የአሜሪካ የካርቱን ፊልም፣ አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ እጅና እግር አውጥቶ በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል። በጅሮንድ ቢያዩት የሚሥቁ ይመስለኛል። የእኛም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል።

እንግዲህ አንተ የሞጣ ተማሪ፣ አንተም በወረዳው መዝገብ ቤት የምትሠራ ወዳጄ፣ የቴያትር ክበባችሁ የ1960ውን ነገር በአውሬ ቢያሳይ፣ ለግብር ተማኙ የትኛውን ትሰጡታላችሁ? እኔ ጅብን አልሰጠውም፤ ጅብ የሚመጣው ሌሊት ነው።