የማይታይ ብርሃንና የዓይን ጥንቃቄ



የሰው ዓይን የተፈጥሮ ዘበኛ አለው። ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት የዓይን ቆብ በሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይከደናል፤ ፊትም ወደ ሌላ ይዞራል። ነገር ግን ይህን ዘበኛ የሚቀሰቅሰው የሚታይ ብርሃን ብቻ እንደ መሆኑ መጠን፥ የማይታየው ብርሃን ሲመጣ እንደ ተኛ ይቀራል።

በጎረቤታችን በሱዳን፥ በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሌዘር ጥናት ኢንስቲትዩት አቋቁሟል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የከተማዪቱን የትምህርት ሥራ ክፉኛ ቢያናውጠውም፥ የሌዘር ዕውቀት ወደ አካባቢያችን ከደረሰ ቈይቷል። ዕውቀቱ ሲመጣ የጥንቃቄው ሥርዓት አብሮ መምጣት ይገባዋል።

ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ ከሚባለው ብርሃን መካከል የሞገድ ርዝመቱ ከ700 እስከ 1,400 ናኖሜትር የሆነው በዓይን ውስጥ አልፎ ሬቲና ከተባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ይደርሳል። ዓይን ጨረሩን አጥብቦ ስለሚሰበስበው ኃይሉ እስከ 100,000 እጥፍ ሊበረታ ይችላል። አንዳንዱ ሌዘር ደግሞ ጨረሩን ሳያቋርጥ አያፈስም፤ በፌምቶሰከንድ በሚቈጠር ቅጽበት እየቈራረጠ ይልከዋል እንጂ። በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ የሚሄደው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጠጕር ውፍረት ያንሳል። ጠቅላላው ጕልበት ጥቂት ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ስለሚከማች ሬቲናን ያቈስላል። ሬቲና ሕመም ስለማይሰማው ተጎጂው ነገሩን የሚረዳው በእይታው ላይ ጥቍር ነጥብ ሲመለከት ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ዤራር ሙሩ ላቦራቶሪ የሚሠራ አንድ ተማሪ እንዲህ ባለ ጨረር ዓይኑን ተመታ። የመረመረው ሐኪም ሮን ኩርትዝ ቍስሉ እጅግ ትንሽና ጠርዙ የተስተካከለ መሆኑን አይቶ ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው የጋራ ጥናት፥ ያለ ምላጭ የዓይንን የፊት ሽፋን የሚቈርጥ ሕክምና ተገኘ። ሙሩና ዶና ስትሪክላንድም እነዚህን አጫጭር ጨረሮች የሚያበረታውን ዘዴ በመፍጠራቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እንግዲህ በሐኪም እጅ መድኃኒት የሆነው ጨረር፥ በቸልተኛ እጅ ዓይን የሚያጠፋ ነው።

ስለዚህ በሌዘር የሚሠራ ተማሪ ለዚያው ጨረር የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ያድርግ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ብርሃን መልሰው የሚያንጸባርቁትን ቀለበትና ሰዓት ያውልቅ፤ ዓይኑንም በጨረሩ ከፍታ ትክክል አያድርግ። 800 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ጨረር ደብዛዛ ቀይ መስሎ ቢታየው ደካማ ነው ብሎ አይናቀው።

ወላጆችም ልብ ይበሉ። በየሱቁ የሚሸጠው አረንጓዴ የሌዘር መብራት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ኢንፍራሬድ አለበት፤ ርካሹም ማጣሪያ ሳይኖረው ቀርቶ የማይታየውን ጨረር ሊያወጣ ይችላል። ለልጅ መጫወቻ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ልጁ በእይታው ላይ ነጥብ ወይም ጭጋግ አየሁ ቢል ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ።

የተቃጠለ ሬቲና በሌላ አይተካም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል።