ስለ ወጥ ቤት መደብ ድንጋይ አመራረጥ

ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው እንግዳ ስለሚቀበልበት አዳራሽ ነው። ዳሩ ግን ቤተ ሰቡን በየዕለቱ የሚመግበው ወጥ ቤት ስለ ሆነ፤ ሽንኩርት ለሚከተፍበትና ድስት ለሚያርፍበት መደብ ከአዳራሹ ምንጣፍ ይልቅ ብዙ ሊታሰብለት ይገባል። ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን ቤታቸውን ሲያድሱ፤ «ለወጥ ቤቴ መደብ እብነ በረድ ይሻለኛልን? ወይስ አሁን ኳርትዝ የሚሉት?» ብለው ስለ ጠየቁን፤ ለእርሳቸው የመለስነውን ለአንባቢዎቻችንም ልንገልጽ ወደድን።

በገበያ ኳርትዝ ተብሎ የሚሸጠው ገበታ በፋብሪካ የተበጀ ነው እንጂ ከተራራ እንዳለ ተፈልጦ የወጣ አይደለም። የኳርትዝ ድንጋይ ተፈጭቶ ከሙጫና ከቀለም ጋራ ይለወሳል፤ ከዚያም አየሩ ተመጥጦ እየተነቀነቀ በመኪና ይጨመቃል፤ በመጨረሻም በሙቀት ይጠነክራል። ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከመቶው 90 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጠው ድንጋይ ሲሆን የቀረው ሙጫና ቀለም ነው። ይህን ብልሃት ያወጣው በጣልያን አገር በትሬቪዞ አውራጃ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሬቶን የተባለው ማኅበር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። እብነ በረድ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲፈስበት ልስላሴው ይበላል፤ ዘይትና እርድም ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ኳርትዝ ግን ፈሳሽ የሚያስገባ ቀዳዳ ስለሌለው ሎሚ አይበላውም፤ የወጥ ፍንጣቂም ሳይቆይ በሳሙናና በውሃ ቢታጠብ ይለቃል። ከቢላዋ ብረትም የጠነከረ ስለ ሆነ በቀላሉ አይጫርም።

ጉድለቱ ከሙጫው የመጣ ነው። ሙጫ ብርቱ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ከምድጃ የወረደ ድስት ወይም የጋለ መጥበሻ በቀጥታ ቢቀመጥበት ቀለሙ ይበላሻል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ማቶት ወይም የእንጨት ማሳረፊያ ከሥሩ ማድረግ ያስፈልጋል። የፀሐይም ብርሃን ዘወትር ሲያገኘው ቀለሙ ስለሚለወጥ ለበረንዳ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ገዢው የማያየው ነው። ገበታው ለወጥ ቤቱ ልክ እንዲሆን፤ ለዕቃ ማጠቢያውም ቦታ እንዲወጣለት በመጋዝ መቆረጥ አለበት። ያለ ውሃ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ትቢያ ሲሊካ የሚባለው ነው፤ ከዚህም እጅግ የደቀቀው በዓይን አይታይም። ይህም ወደ ሳንባ ገብቶ ያቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ሲሆን ትንፋሽ ያጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነውም መድኃኒት የለም። በግራኒት ያለው ሲሊካ ከኳርትዝ ገበታ እጅግ ያነሰ ነው፤ በእብነ በረድ ያለውም ጥቂት ብቻ ነው።

ነገሩ ሩቅ ስጋት አይደለም። በእስራኤል አገር በስዶት ያም መንደር ይህ ድንጋይ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የዚያ አገር ሐኪሞች፤ ይህን ድንጋይ በደረቁ ሲቆርጡ ኖረው ሳንባቸው የተጎዳ 25 ሠራተኞችን ታሪክ አሳትመው ገለጹ። አውስትራልያም ብዙ ወጣት ጠራቢዎች ስለ ታመሙባት፤ ከሐምሌ ወር 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ድንጋዩ እንዳይሠራ፤ እንዳይሸጥና በቤት እንዳይተከል ከለከለች። ተተክሎ ያለው ግን ይነሣ አልተባለም፤ በቦታው ያረፈ ገበታ ካልተቆረጠና ካልተፋቀ የቤቱን ሰዎች አይጎዳምና።

እንግዲህ ኳርትዝን የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፤ ሲሊካው የተቀነሰ ገበታ ይገኝ እንደ ሆነ። ሁለተኛ፤ ጠራቢው ውሃ እያፈሰሰ፤ ትቢያ በሚመጥ መኪናና ለዚህ በተሠራ የአፍንጫ መሸፈኛ ይሠራ እንደ ሆነ። ሦስተኛ፤ ልኩ አስቀድሞ ተወስዶ ቁርጡ ሁሉ በሥራው ቤት ያልቅ እንደ ሆነ። ግራኒት የሚመርጥም ቢሆን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አይተው።

ወዳጃችን ኳርትዙን መረጡ። ጠራቢው በግቢያቸው በደረቅ መጋዝ ሊቆርጥ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ይህን ቢጠይቁት፤ «ውሃ ሥራ ያዘገያል፤ በሥራ ቤት ከሆነም ዋጋው ይጨምራል» አላቸው። እርሳቸውም ጭማሪውን ከፍለው ሁለት ሳምንት ታገሡ። ጠራቢው ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።